ቋንጣ፣ ወጥመድና ሸለምጥማጥ



ያኔ አሰበ ተፈሪ በምንላት በዚህች ከተማ፣ በአንድ ሌሊት የእናቴን ስድስት ዶሮዎች ሸለምጥማጥ ፈጃቸው። አንድ ጎረቤታችን መርዝ የተቀባ ሥጋ ጣለ። የሞተው ግን ውሻችን ነበር፤ ሬሳውን የቀመሱ ሁለት ጥንብ አንሳዎችንም ከአጥሩ ሥር ወድቀው አገኘናቸው።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው የሳጥን ወጥመድ ነው። ለወጥ የተዘጋጀ ቋንጣ ግን ለማባበያ አይሆንም፤ በርበሬው የሥጋውን ሽታ ይሸፍናል። ቀይ ሥጋ ስቡ ተለይቶ፣ በስሱ ተዘልዝሎ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በሻሽ ተሸፍኖ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሰቀላል። ስቡ የሚለየው ሥጋው ቢደርቅም እርሱ ስለሚበላሽ ነው። የደረቀ ሥጋ ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ሽታው ግን ይደክማል። ስለዚህ ማታ ሲጠመድ በጥቂት ውኃ ይርሳል፤ ከወጥመዱ መርገጫ ጀርባም በሽቦ ይታሰራል። ካልታሰረ እንስሳው ነጥቆ ይሄዳል።

ማባበያ ለመግደል ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀይ ቀበሮዎች ተሰጥቷል። መርዝ ግን በልቶ የሞተውን እንስሳ የሚበላውንም ይከተላል፤ ጥንብ አንሳዎች በአፍሪካ እየመነመኑ ካሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ወጥመዱን ጎሕ ሲቀድ ተመልከቱ፤ የገባው የጎረቤት ድመት ሊሆን ይችላል። ሸለምጥማጥም ቢሆን ከዶሮ ይልቅ አይጥ ሲያድን የሚያነጋበት ሌሊት ይበዛል። የእናቴ ዶሮዎች በመጨረሻ የዳኑት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የዶሮ ቤቱ የጣውላ ስንጥቅ ሲደፈን ነው።