ቃሉ ጠፍቶ ነገሩ ሲቀር

መምህራን ወገኖቼ፣ ስላረፈድኩ ይቅርታ፤ የተሳፈርኩበት ታክሲ መንገድ ላይ ቆሞብን ነበር። ረዳቱ የረሳውን መልስ ሹፌሩ በመስኮት ለአንዲት እናት ሰጣቸው።

ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ርዕስ «ትምህርት ከተማሪ አእምሮ እንዳይጠፋ መምህር ምን ያድርግ?» ይላል። እደርስበታለሁ። አስቀድመን ግን አእምሯችን ለረጅም ጊዜ የሚያቆየውን ነገር በምን መልክ እንደሚይዘው እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1966 አለን ባደሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለሰዎች የቃላት ዝርዝር እያሳየ ቅደም ተከተላቸውን አስጠና። አንዱ ዝርዝር ድምፃቸው የሚመሳሰል ነው፤ እኛ «በር፣ ብር፣ ባር» እንደምንለው። ሌላው ትርጉማቸው የሚቀራረብ ነው፤ «ትልቅ፣ ግዙፍ፣ ታላቅ» ዓይነት። ወዲያው ሲጠየቁ ይበልጥ ያምታታቸው የድምፁ መመሳሰል ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ በጠየቀበት ሙከራ ግን ያወካቸው የትርጉሙ መቀራረብ ሆነ። ስሕተቱ መያዣውን አሳበቀ፤ ለአፍታ የሚያዘው በድምፅ፣ የሚቆየው በትርጉም ነው።

የእኔ ልብ ያለው ግን ከዓመት በኋላ በወጣው በተመራማሪዋ በጃክሊን ሳክስ ሥራ ላይ ነው፤ ኋላ የተቀመጡት የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ከወዲሁ እየሳቁ ነው። ሳክስ ስለ ቴሌስኮፕ የሚተርክ ጽሑፍ በቴፕ አሰማች። በውስጡ ሊፐርሼይ የሚባል ሆላንዳዊ መነጽር ሠሪ ለጋሊልዮ ደብዳቤ እንደላከ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ። ከዚያ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንዳንዴ እንዳለ፣ አንዳንዴ ቃላቱን አዘዋውራ፣ አንዳንዴም ጋሊልዮን ላኪ አድርጋ አቀረበች። ወዲያው የተጠየቁት ሁሉንም ለዩ። ጽሑፉ 80 ቀለም ያህል ከቀጠለ በኋላ ግን፣ ይህ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ የቃላቱን መዘዋወር መለየት ተሳናቸው። ላኪና ተቀባይ ሲለዋወጡ አብዛኞቹ ነቅተዋል።

እስቲ እናንተንም ልፈትን። ስለ ታክሲው ምን ነበር ያልኳችሁ? «ሹፌሩ፣ ረዳቱ የረሳውን መልስ ለአንዲት እናት በመስኮት ሰጣቸው» ነው? ወይስ «ሹፌሩ የረሳውን መልስ ረዳቱ በመስኮት ለአንዲት እናት ሰጣቸው»? ሁለተኛውን የሚል እጁን ያውጣ። ማንም የለም። የመጀመሪያውን? ይኸው፣ ግማሽ አዳራሽ! እንደዚያም አላልኩም። (በነገራችን ላይ፣ ቤት ውስጥ «ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልከኝ» ስባል ይህን ጥናት ጠቅሼ አንድም ቀን ረትቼ አላውቅም።)

«የቆሎ ተማሪውስ ዳዊትን ቃል በቃል ይዞት የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣብኛል። ተገቢ ነው። አንድ ጊዜ አንድ መሪጌታን ከመዝሙሩ መሐል አንዲት ሐረግ አንሥቼ ቀጥሎ ያለውን ብጠይቃቸው ዝም አሉ። «ልጄ፣ ከአናቱ ካልጀመርኩ አይመጣልኝም» አሉና ከመጀመሪያው ጀምረው እንደ ውሃ አወረዱት። ስለዚህ ድምፅም ይቀራል፤ ዜማ ተደርጎለት፣ ዓመታት ተደክሞበት። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ግን አይሆንም።

ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው፤ ወደ ርዕሱ ልሩጥ። ክሬክና ተልቪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 ለሰዎች ቃል እያሳዩ ስለ ፊደሉ ቅርጽ፣ ቤት ስለ መምታቱ ወይም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለ መግባቱ ጠየቋቸው፤ በኋላ ይበልጥ የታወሰው ትርጉሙ የታሰበበት ቃል ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች በ2006 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ደጋግሞ ካነበበው ይልቅ አንብቦ ያስታወሰውን ለመጻፍ የሞከረው ከሳምንት በኋላ ብዙ ያስታውሳል። እንግዲህ ጠይቁ፣ «በራስህ ቋንቋ አስረዳኝ» በሉ፣ ተማሪው ምሳሌ እንዲፈልግ አድርጉ። የቀረው በተባዛው ወረቀት ላይ አለ።

ከመውረዴ በፊት አንድ የቆየ ቂም ልናገር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ «ትነት ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ፣ «እርጥብ ልብስ ሲሰጣ ውሃው በዓይን የማይታይ ተን ሆኖ ወደ አየር መሄዱ ነው» ብዬ ጽፌ ኤክስ ተደረገብኝ፤ የደብተሩ ቃል አይደለማ! አጠገቤ የነበረው ልጅ የደብተሩን ቃል እንዳለ አስፍሮ ሙሉ ነጥብ አገኘ። በሚቀጥለው ፈተና እንዲህ ያለ መልስ ከገጠማችሁ፣ አደራ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከማሳረፋችሁ በፊት ሁለቴ አንብቡት።