ጉርሻና ደመወዝ



በቋንቋችን ጉርሻ ሁለት ነው፦ ተጠቅልሎ የሚጎረሰው እንጀራ፣ ላገለገለም ሰው በመዳፉ የሚጨመርለት ገንዘብ። ምግብ አድራሽ አንዱን ተሸክሞ ሌላውን ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ እንኳ ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ ጉርሻማ ከዚያ የተሻለ ዕድል የለውም። እንግዲህ የአዲስ አበባው ባለሞተር ተቀጣሪ ቢሆንም ስንብቱ የሚሰላው ያለ ጉርሻው ነው።

ወደ አሶሳ ስንመለስ፣ ምሳ እንዲያደርስ የተላከ ባለባጃጅ (እኔም ልኬ አውቃለሁ) ተሽከርካሪው የሌላ ሰው እንደ ሆነ አስቀድሞ የቀን ገቢ ለባለንብረቱ ያስገባል፤ ቤንዚን ይገዛል፤ የተረፈው ደመወዙ ነው። ዝናቡ እስከ ጥቅምት በሚዘልቅበት በዚህ አገር፣ ጎማው ጭቃ ውስጥ የዋለበትን ቀን ማን ይከፍለዋል? አሠሪው ሳይለይ አዋጁን ልንጠቅስለት አንችልም። መልሱን ትተንለት ስንገባ ቸርነት ይመስለናል፤ እርሱ ግን በቤንዚኑ ሒሳብ ውስጥ አስቀድሞ ቈጥሮታል።