ያገለገለ ሽጉጥ ዕድሜው ስንት ነው?



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ጥቂት ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን አይቻለሁ። የብረታ ብረት መምህር ስለ ድልድይ ቢናገር ማንም አይገረምም፤ ስለ አሮጌ የኪስ ሽጉጥ ሲናገር ግን ነገሩ ጥርጣሬ ያስነሣል። ምክንያቴን ላስረዳ። በየዓመቱ በፈተና ላይ አንድ ያገለገለ ዕቃ ገልጬ «ከእንግዲህ ምን ያህል ያገለግላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ተማሪ መልሱን በዓመት ይሰጠኛል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አስብ ነበር፤ ሐሳቤን ያስቀየረኝ ኦቾሎ ላይ ያየሁት አንድ ሽጉጥ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። ዛሬ በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ ማስተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ፣ ያለ ፈቃድ የማይፈጸም ነገር ነው። የምነግራችሁ ታሪክ ከአዋጁ በፊት፣ በ1996 ዓ.ም. የሆነ ነው፤ ሽጉጡም በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ የኖረ ነበር።

ያገለገለ መሣሪያ መግዛት በታሪካችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1879 ዓ.ም. ገጣሚው አርቱር ራምቦ ዘመን ያለፈባቸውን ጠመንጃዎች በግመል አስጭኖ ወደ ሸዋ መጥቶ ነበር።  ንጉሥ ምኒልክ ግን ሐረርን ገና መያዛቸው ነበርና ከዚያ የተሻለ መሣሪያ አይተዋል፤ ነጋዴው ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ዋጋ ከፈሉት። የራምቦን ግጥም የሚያደንቁ ሰዎች በዚህ ሲያዝኑ እሰማለሁ። እኔ ግን፣ በሙያዬ ምክንያት ይሆናል፣ የማደንቀው ገዢውን ነው።

አሁን ወደ ኦቾሎ። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ የላንቴን የሙዝ እርሻ ትቶ ወደ ተራራው ሽቅብ የወጣ ሰው መንደሩን በአለት ላይ ተቀምጦ፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል ሲመለከት ያገኘዋል። ፈረንሳዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለዚሁ መንደር ጉባኤዎች አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ቃል በአደባባይ የሚመዘንበት አገር ነው። በዱቡሻ ተነሥቶ የተናገረ ሰው የተናገረው ነገር ከስሙ ጋር ይኖራል፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

የእናቴ ወንድም አስጠራኝ። «ብረት ተማርኩ ብለሃል፤ ናና ይህን ብረት እየው» አለኝ። የሚሸጠው በመንደሩ የተከበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ሽጉጡን አባታቸው ጣሊያን ከጋሞ ሲወጣ ከአንድ መኮንን እንደማረኩት መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ አዛውንቱም ከአንድ ጊዜ በላይ በአደባባይ ተናግረውታል። የተጠየቀው ዋጋ የአንድ ደህና በሬ ዋጋ ነበር። አጎቴ የሚገዛው ለመተኮስ አልነበረም፤ ከነታሪኩ ሊያወርሰው ነበር።

ሽጉጡ ከቡሉኮ ቁራጭ ውስጥ ወጣ። በእርግጥም ቤሬታ ሞዴል 1934 ነበር፤ ባለ 9 ሚሊሜትር አጭር ጥይት፣ ካዝናው ሰባት የሚጎርስ፣ ባዶውን 660 ግራም ያህል የሚመዝን የኪስ መሣሪያ። ላዩ ያበራል። አጎቴ «እንዴት ያለ ጤና ነው!» አለ። እኔ ግን መብረቁ አስደነገጠኝ። ፋብሪካው ያለበሰው ጥቁር ቀለም በየጠርዙ ጠፍቶ ብረቱ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ይህ ማለት አንድ ሰው ዝገት በአሸዋ ወረቀት ፍቆ አውጥቷል ማለት ነው። ዝገት ሲፋቅ ላዩ ይነጻል እንጂ የበላው አይመለስም፤ ጉድጓዶቹ በጥፍር ይዳሰሱ ነበር። የት የት እንዳሉ ስመለከት ከቆዳ ማህደሩ ጋር የሚነካኩት ቦታዎች ላይ ሆነው አገኘኋቸው። ቆዳ ከፋቂው ቤት ጨውና አሲድ ይዞ ይወጣል፤ የተራራውን ጉም ደግሞ ይጠጣል። ሰው ሽጉጡን በማህደር ሲያስቀምጥ የጠበቀው ይመስለዋል። ቅቤም ተቀብቶ ነበር። ቅቤ ሲበላሽ አሲድ ይሆናል፤ ሲደርቅም እንደ ሙጫ ይያያዛል።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የአሠራሩን ነገር ነው። ይህ ዓይነቱ ትንሽ ሽጉጥ ሲተኮስ ጀርባውን የሚቆልፍለት ነገር የለውም። የባሩዱን ግፊት ወደ ኋላ የሚመክቱት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ክብደትና ሞላው። ክብደቱ አያረጅም። ሞላው ግን ያረጃል፤ ሲረግብ ተንሸራታቹ በየተኩሱ ገላውን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ ስንጥቅ ይመጣል። እንግዲህ የሽጉጡ ዕድሜ የሚቆጠረው በተኩስ ነው፤ ሞላውም ሳይለወጥ በተተኮሰው ተኩስ። «ካዝናውን ጥይት ሞልቼ ሠላሳ ዓመት ስላስቀመጥኩ ሞላው ሞተ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ደህና ብረት በአቅሙ ልክ ተጨቁኖ ቢቀመጥ የሚረግበው ጥቂት ነው፤ ይበልጥ የሚያደክመው መመላለሱ ነው።

ካዝናው ወጥቶ፣ ጥይት አለመኖሩ ሁለት ጊዜ ከታየ በኋላ፣ አፈሙዙን አውልቄ ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት። ውስጡ እንደ አሮጌ ምጣድ ተበሳስቶ ነበር። የዚያ ዘመን ጥይት መለኮሻው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት፤ ሲቃጠል ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይተዋል። ይህን ጨው ዘይት አያሟሟውም፤ የሚያጥበው ውኃ ነው። በውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት የቀባ ሰው መሣሪያው ይቆይለታል። ውኃ ለብረት ጠላት ነው ብሎ የፈራ፣ ዘይት ብቻ የቀባ ሰው ግን ጨውን ከነእርጥበቱ ከድኖ አስቀመጠው። የአዛውንቱ አባት ጥንቁቅ ሰው እንደነበሩ ሁሉም መሰከረ። ያበላሸው ጥንቃቄያቸው ነው።

የበሳሳ አፈሙዝ ብቻውን ግን ፍርድ አይደለም። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር፤ በመካከሉ የጥቁር ቀለበት ጥላ። አንድ ጥይት ጉልበት አንሶት አፈሙዙ ውስጥ ሲቀርና ሌላ ሲከተለው ብረቱ በዚያ ቦታ ያብጣል፤ ብርሃን ሲገባ እንደ ቀለበት ይታያል። ቀለበት ያለበት አፈሙዝ ይጣላል። ይህኛው አልነበረበትም። ገላውም ስንጥቅ አልነበረውም፤ ሞላው ግን አጥሮና ለስልሶ ነበር። መጠበቂያውን ደግሞ ለአጎቴ አሳየሁት፤ በዚህ ሞዴል ምላጩን ብቻ ይይዛል እንጂ መዶሻውን አይይዝም። ሽጉጡ ቢወድቅ በመጠበቂያው መተማመን አይቻልም። «አንዴ ተኩሰን እንየው» ሲሉ እምቢ አልኩ። አንድ ተኩስ የሚነግረን ያ አንዱ ተኩስ እንዳለፈ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ መልሱ ቀላል ነበር፤ ሞላ ይለወጥ፣ ዋጋው በግማሽ ይውረድ። ከዚያ በተንሸራታቹ ጎን የተቀረጸውን ጽሑፍ ከቅቤው አጽድቼ አነበብኩ። ጋርዶኔ፤ 1942፤ ቀጥሎም በሮማውያን ቁጥር ሃያ። ሁለተኛው ቁጥር ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ የቆጠሩት ዓመት ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ይስማማል።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ያድናቸዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ስምንት ዓመት ቀነስኩ፤ 1934 ሆነ። ጣሊያን ከጋሞ የለቀቀው በ1933 ነው። የመጨረሻው ትልቅ ጦራቸው እንኳ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ነው፤ ይህ ሽጉጥ ደግሞ ከዚያው ዓመት ታኅሣሥ በፊት ሊሠራ አይችልም። በጥቂት ወራት ነው የሳተው። ዓመታት ቢሆን ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ይቀለኝ ነበር።

ለአጎቴ ወዲያው አልነገርኩትም። ትክክል ሠራሁ አልሠራሁ ዛሬም ከባልደረቦቼ ጋር እንከራከርበታለን፤ መርማሪ ግኝቱን ላስመረመረው ሰው መንገር አለበት የሚለውን ክርክር አከብራለሁ። እኔ ግን አዛውንቱን ወደ ግቢያቸው ጥግ ጠርቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው፤ ስሌቱንም ቀስ ብዬ አስረዳሁ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እኔ አልዋሸሁም» አሉኝ፤ «የነገረኝ አባቴ ነው።» አመንኳቸው። በጋሞ እንዲህ ያለ ነገር ጎሜ ነው፣ የተላለፈውን ሰው ከነቤቱ የሚከተል ነውር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት የገበያ ፍርሃት አልነበረም።

ከዚያ ሽጉጡን ይዘው ወደ አጎቴ ተመለሱ። እኔ እንድናገርላቸው አልፈለጉም፤ ራሳቸው ነገሩት። አጎቴ ባይገዛም ቡናው እስኪጠጣ ድረስ አልተነሣም። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ አዛውንቱ በዱቡሻ ቆመው ስለ ሽጉጡ ቀድሞ የተናገሩትን እንዳነሡ አጎቴ ነግሮኛል።

ልሰናበት ስል አዛውንቱ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛው «ታዲያ አባቴ ከየት አገኘው?» የሚል ነበር፤ መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ሽጉጡን በምን ጠቅልለው እንዲያስቀምጡት ነበር። ማህደሩን ይተዉት፣ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ያድርጉት አልኳቸው፤ ቡሉኮውን ከእጄ ተቀብለው እንደገና ጠቀለሉት።