በፊቼ መንገድ

ከአዲስ አበባ በሱሉልታና በጫንጮ የሚያልፈው መንገድ ፊቼ ያደርሳል። የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ በራስ ካሣ ጥበቃ ለዓመታት በግዞት የኖሩት እዚያ ነው።

ኢያሱን ለግዞት ያበቃው ታሪክ የሚጀምረው ከአያታቸው ነው። ምኒልክ ስልክና ባቡር አስገብተዋል፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾመዋል። በዚያው ዘመን የሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ዋና ዋና ሚኒስቴሮችን ለወንድሞቻቸው ሰጥተው ልጆቻቸውን አውሮፓ አስተማሩ። ሲሞቱም ዘውዱን የወረሰው እንግሊዝ አገር የተማረው ልጃቸው ነበር።

ምኒልክ ግን በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ታመው ሳሉ በ1901 ዓ.ም. ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሰውን ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አወጁ፤ ቃላቸውን የሚያፈርሰውንም ረገሙ። እርግማን ግን የመንግሥት ሥርዓትን አይተካም። በ1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ሽረው የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አነገሡ። ኢያሱ በ1924 ዓ.ም. ከፊቼ ቢያመልጡም ተይዘው ወደ ጋራ ሙለታ ተጋዙ።