ለራሳችሁም ሽማግሌ ጥሩ

 ከኮምቦልቻ በማለዳ ተነስታችሁ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንኳን ለልጆቻችሁ ምረቃ አበቃችሁ።

ስለ ጥበብ ተናገር ተብያለሁ። ችሎት ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ጥበብን የማውቃት ስትጠፋ ነው። አገር የሚያስታርቅ ሰው ከወንድሙ ጋር በአንዲት ክፍል ቤት ሲካሰስ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ አይቻለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ።

ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ፈትነውታል። ለአንዱ «ፍቅረኛህ ከዳችህ እንበል»፣ ለሌላው «የጓደኛህ ፍቅረኛ ከዳችው እንበል» አሉ። ስለ ጓደኛው ያሰበው ሰው የሌላውን ወገን በማየትም፣ የማያውቀው ነገር እንዳለ በማመንም በለጠ። የራሱን ጉዳይ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ እንዲያየው ሲነገረው ግን ልዩነቱ ጠፋ። ከ60 እስከ 80 ዓመት ያሉትም በገዛ ጉዳያቸው ከወጣቶቹ አልተሻሉም። ሽበቴን አይታችሁ የጠራችሁኝ አዘጋጆች ይህን ልብ በሉልኝ። ተመራማሪዎቹም ነገሩን በሰሎሞን ስም ጠሩት፤ በመጽሐፍ ቅዱስ እንደሚነገረው ለሰው በጥበብ የፈረደ ንጉሥ የራሱን ቤት አላቀናም።

ወሎ ግን ይህን ለማወቅ የካናዳና የአሜሪካ ተመራማሪዎችን አልጠበቀም። አጎቴ በተሁለደሬ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ የደም ነገር ሳይቀር ያበርዱ ነበር። አንድ ክረምት ጎረቤታቸው የውኃ መውረጃውን ቦይ ወደ እሳቸው ማሳ ገፋው። ሰው ሁሉ «እርስዎው ይፍረዱ» ሲላቸው በቅሎ አስጭነው ከሐይቅ ማዶ ሌላ ሽማግሌ አስመጡ። በቅሎዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። አጎቴ ከመደቡ ወርደው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጡ። በደላቸውን ሊናገሩ ሲጀምሩ ሽማግሌው በትራቸውን አነሱና፦

«ቆይ፣ አያ። መጀመሪያ የእሱን ነገር አንተ ተናገርለት።»

አጎቴ ዝም አሉ። ቡናው ሁለተኛ እስኪቀዳ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ጎርፉ የጎረቤቱን ጎተራ ሊወስድበት እንደነበር፣ ልጆቹ ገና ሕፃናት እንደሆኑ፣ ከእሳቸው ጋር መነጋገር እንደሚፈራ ተናገሩ። ጎረቤቱ ተራው ሲደርስ ማልቀስ ጀመረ። ቦዩን ሁለቱ ተጋግዘው በወሰኑ ላይ ቆፈሩት።

የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልንም አስቡ፤ አይጠየፍ አዳራሻቸው እዚሁ ደሴ ነው። በዓድዋ የዘመቱ፣ ስንቱን ያዩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲሻሩ ጦር አስከትለው ወረዱ። ጥቅምት 9 ቶራ መስክ ላይ ድል አደረጉ፤ ከዚያ ግን ዘገዩ። የተቃራኒው ወገን የጦር መሪ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የወዳጅ መልእክት እየላኩ አዘናጓቸው ይባላል። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ጦርነቱ ለሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ብልሃታቸው አይነቃም ነበር? እኔ ይነቃ ነበር ባይ ነኝ፤ የታሪክ መምህራን ከፈለጋችሁ ከምሳ በኋላ ተከራከሩኝ።

እናንተስ? ጓደኛችሁ በባቲ አድርጎ፣ በጅቡቲ ባሕር ሊሻገር ሲል «ደላላ አትመን» ብላችሁ ሌሊቱን ትመክሩታላችሁ። በወሩ የራሳችሁን ሻንጣ ታስራላችሁ! ተናድዳችሁ ፌስቡክ ላይ የምትጽፉትን ጓደኛችሁ ቢጽፈው ስልኩን ትነጥቁት ነበር። ስለዚህ ትልቅ ነገር ስትወስኑ ጉዳዩን በራሳችሁ ስም እየጠራችሁ እንደ ጎረቤት ነገር ተናገሩት፤ ያም ካልሆነ የማይፈራችሁን አንድ ሰው ጥሩ።

ወላጆች፣ ስትስቁ ነገሩ እናንተን እንደማይነካ አታስቡ። ዛሬ ማታ ድግሱ ላይ «ቀጥሎ ምን አሰብክ?» ማለታችሁ አይቀርም። ልጆች፣ ዶሮ ወጡን ብሉና «ነገ እንነጋገራለን» በሏቸው።