ወደ ደጋው ከመውጣታችን በፊት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ፣ ሓወልቲ፣ መቀሌ፣ በአንዲት አባል የተደረገ ንግግር)

ለእንግዶቻችን ስል በአማርኛ እናገራለሁ። አንዳንዴ ምላሴ ወደ ትግርኛ ቢያዘነብል አጠገባችሁ ያለችው ትተርጉምላችሁ።

ባለፈው ስብሰባ ከወጣቶቻችን ጥቂቶቹ ተነሥተው «የተራራ ጉዞ ሥራ እንማር፤ ማኅበሩ ከቁጠባው ያበድረን» ብለው ነበር። አንዳንድ እናቶች ደነገጡ፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። ሰብሳቢያችን «አንቺ ሠርተሽበታል፤ ምን እንደሚያስፈልግ ንገሪን» አለችኝ። እውነት ነው፣ ከ2006 እስከ 2012 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ለመንገደኞች ምግብ አብስያለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ወደዚያ አልገባም። ብድሩን ለመፍቀድም ለመከልከልም ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ስላለብን እሱን እነግራችኋለሁ።

ዛሬ ተነሥተን ወደ ስሜን እንሂድ አልልም። ከሽሬ ተከዜን ተሻግሮ በዓዲ አርቃይና በሊማሊሞ ደባርቅ የሚያደርሰው መንገድ ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥ ልጆቻችንን አንልክም። ዝግጅቱ ግን መንገዱን አይጠብቅም። ጫማ በእግር ላይ እስኪለመድ ወራት ይፈልጋል፤ ሳንባና ጉልበትም እንደዚያው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልግለጽ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። መንገደኛው ደባርቅ ይመዘገባል፤ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ፣ ምግብ አብሳይም ይይዛል። የመጀመሪያው አዳር ሳንቃበር ነው፣ 3,200 ሜትር ገደማ። ቀጥሎ ግጭ፣ 3,600 ያህል። ከዚያ በእሜት ጎጎ በኩል ዞሮ ጨነቅ። የቧሒትን አንገት ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ከወረደ በኋላ አምቢቆ ያድራል። በማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰዓት ላይ በባትሪ ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ዳሽንን ወጥቶ ይመለሳል።

የዚህን መንገድ አቀማመጥ ልብ በሉልኝ። ቀን ከፍ ብሎ ይኬዳል፤ ማታ ግን ዝቅ ተብሎ ይታደራል። የመንደሩ ሰው ውኃና ለጥ ያለ ቦታ ፈልጎ የሰፈረበት ነው እንጂ ሐኪም አልቀየሰውም፤ ቢሆንም ለሰውነት የሚስማማው ይኸው ነው።

እዚህ መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ከአየሩ አራተኛው እጅ ያህል ቀንሶብናል፤ ተወልደን ያደግንበት ስለሆነ ግን አይታወቀንም። ራስ ዳሽን ላይ የሚቀረው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሰውነት ይህን ጉድለት ሊለምደው ይችላል፤ ጊዜ ካልሰጡት ግን ያምፃል። ሐኪሞች የሚያስተምሩት ደንብ ከ3,000 ሜትር በኋላ የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ ነው። የኤቨረስትን ሥር ለማየት ወደ ሂማላያ የሚሄዱ ሰዎች ናምቼ ባዛር በምትባል ከተማ ተጨማሪ ሌሊት የሚያድሩት ለዚህ ነው። ናምቼ 3,440 ሜትር ላይ ናት፤ የእኛ አምባ አላጌም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፈረንጅ ውድ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ የሚለማመድበት ከፍታ ለእኛ በማይጨው አውቶቡስ ይደረስበታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ስለሚለኝ። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን ደም መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትማለች። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ይወፍራል። የቲቤቶቹ አይወፍርም፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። የስሜኖቹ ከሁለቱም ተለዩ፤ የደማቸው መጠንም ኦክስጅኑም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በቅሎ ነጂዎቹ እያፏጩ ሲያልፉን ለምን እንደምናለከልክ የገባኝ ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው። እነሱ ግን ትውልድ ከትውልድ እዚያ የኖሩ ናቸው። የሓወልቲ ልጅ «እኔም ሐበሻ ነኝ» ብላ ከእነሱ ጋር እንዳትሽቀዳደም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የከፍታ ሕመም በራስ ምታት ይጀምራል። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጉልበት ይከዳል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ባለበት ይረፍ፣ ከዚያ በላይ አይውጣ፤ በማግስቱ ካልተሻለው ይውረድ። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱ እየተንኳኳ ካሳለ፣ ወይም እንደ ሰካራም ከተንገዳገደና ንግግሩ ከተምታታ ግን ማግስት የሚባል የለም። ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ይወርዳል። ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ እየያዘ ነውና በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። መሬት ላይ መሥመር አስምሩና ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ እንዲራመድበት ጠይቁት፤ ካቃተው ክርክር አያስፈልግም። ዲያሞክስ የሚባል ክኒን አለ፣ ለመከላከል ይረዳል፤ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማት ስላለች ግን ሐኪም ሳያዝ ማንም እንዳትውጥ። ክኒን ተውጦም መውረድ አይቀርም።

ይህን ሁሉ አስጎብኚው ያውቀዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መንገደኛው ራሱን ሲያመው ይናገራል፤ ገንዘብ የከፈለ ነው። ሠራተኛው ግን ይደብቃል። በአንድ ጉዞ ላይ ከእኛ ጋር የነበረ የቆላ ልጅ፣ ዕቃ ለማገዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ፣ ጨነቅ ላይ ቁርሱን ትቶ ከድንኳኑ ጀርባ ሲያስመልስ አገኘሁት። «እትዬ፣ ለአለቃ እንዳትነግሪ፣ ቀኑ ይቆረጥብኛል» አለኝ። ልክ ነበረ፤ ያኔ ያሠራን የነበረው ሰው ታሞ የወረደን ሠራተኛ ቀኑን ይቆርጥበት ነበር። ለአስጎብኚው ነገርኩት፤ ልጁ ሰው ተጨምሮለት ወረደ፣ ዳነም። ክፍያው ግን ተቆረጠ።

በሂማላያ ይኸው ነገር ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1997 በኔፓል አንድ ወጣት ዕቃ ተሸካሚ በመንገድ ላይ በከፍታ ሕመም ወደቀ። ሒሳቡን ሰጥተው ብቻውን ወደ ታች ሰደዱት፤ ከአንድ ቀን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በእሱ ሞት ምክንያት ለተራራ ተሸካሚዎች መብት የሚከራከር ዓለም አቀፍ ቡድን ተቋቋመ። ቡድኑ የሚጠይቀው ለተሸካሚውም ልብስ፣ መጠለያ፣ ሕክምና ይኑረው፣ ሲታመምም ብቻውን አይላክ ነው። ይህን ለመጠየቅ ሰው መሞት ነበረበት ወይ ብዬ ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

ስለዚህ ማኅበሩ ብድሩን ከፈቀደ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይግባልኝ። ልጆቻችን ከማንም ጋር ሲዋዋሉ ታማ የወረደች የጀመረችው ጉዞ ሙሉ ክፍያ ይሰጣት። የምትወርድ ሴትም ብቻዋን አትወርድም። አሠሪው ይህን አልፈርምም ካለ ሥራው ይቅር። ቅጥሩን የፈለግነው ለእንጀራ ነው፤ ልጅ ቀብረን የምንበላው እንጀራ የለንም። ከዚህ ከተማ ያለፈው ይበቃናል።

ወደ ልብስና ገንዘብ ልሂድ፤ ገንዘብ ያዢያችን እያየችኝ ነው። ዐሥራ ሁለት ልጆች ተመዝግበዋል። ካለን ብር ዐሥራ ሁለቱን በኮንጎ ጫማና በስስ ጃኬት ልንልክ እንችላለን፤ ወይም ስድስቱን እንደሚገባ አልብሰን። እኔ ስድስቱን እላለሁ። ኮንጎ ጫማ አድርጎ ቧሒትን የሚሻገር ሰው አይቻለሁ፤ እሱ ግን እግሩ ከልጅነቱ የለመደ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቦት ጫማ፣ ከእግር ግማሽ ቁጥር ያህል የሰፋ፣ ቁልቁለት ላይ ጣት እንዳይገጭ። የሱፍ ካልሲ ሁለት። የጥጥ ልብስ ላብና ዝናብ ይዞ አይለቅም፤ ጋቢ ማታ ድንኳን ውስጥ ንጉሥ ነው፣ ቀን ዝናብ ከነካው ግን ሸክም ነው። ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ የራስ ባትሪ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ በረዶ ይሠራል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል።

ጃፓናዊቷን ጁንኮ ታቤይን ልጥራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 የሴቶች ተራራ መውጫ ክበብ መሠረተች። ለኤቨረስት ገንዘብ ሲለምኑ «እናንተ ቤት ቁጭ ብላችሁ ልጅ አሳድጉ» ይሏቸው ነበር። እሷ ፒያኖ እያስተማረች አጠራቀመች፤ ጓደኞቿ ደግሞ ከአሮጌ የመኪና መቀመጫ ልብስ ውኃ የማያስገባ ጓንት ሰፉ። በግንቦት 1975 የበረዶ ናዳ ድንኳናቸውን ቀበረው፤ ከ12 ቀን በኋላ ጁንኮ፣ የሕፃን ልጅ እናት ሆና፣ ኤቨረስት ጫፍ ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የልብስ ስፌት ቡድናችን እዚህ አለ። ጓንትና የራስ መሸፈኛ መግዛት አያስፈልገንም፤ ጫማ ግን መስፋት አንችልም።

ስለ ምግብ ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ሙያዬ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል፤ ጨነቅ ላይ የሚፈላ ውኃ 88 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ድፍን ምስርና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም፤ እንጨትና ናፍጣ ትጨርሳላችሁ። ክክ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ሩዝ ያዙ። ፕሬዠር የሚባለውን ድስት ማግኘት ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል። በሶ እሳት አይፈልግም፤ የምግብ ፍላጎት የጠፋበት ሰው እንኳ በማር የተበጠበጠ በሶ ይጠጣል። ቆሎ በኪስ። ውኃ ባይጠማችሁም ጠጡ። በጾም ወቅት የምትወጣ ካለች አስቀድማ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ባዶ ሆድ ሆኖ 4,000 ሜትር ላይ መውጣት ከራስ ጋር መጣላት ነው።

ለእኛ ለሴቶች የቀረ አንድ ነገር አለ፤ በወንዶች ሥልጠና ላይ ማንም አያነሣውም። ደም ማነስ። አየሩ ሲሳሳ የሚሸከመው ደም ከጎደለ ሕመሙ እጥፍ ነው። ያሳለፍነውን ረሃብ ታውቃላችሁ፤ ስንቶቻችን ቀዩ ደማችን ሙሉ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ከመውጣት ሁለት ሦስት ወር በፊት ሁሉም ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር፤ ያነሳት አይረን ክኒን ይታዘዝላታል፣ ለሚቀጥለው ዙር ትደርሳለች። ነፍሰ ጡር አትወጣም። የወር አበባ ግን አያስቀርም፤ ጨርቅና ፌስታል ይያዝ፣ ተራራው ላይ አይጣል።

በኔፓል ፖክራ ከተማ ሦስት እኅትማማቾች፣ የቼትሪ ልጆች፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሴቶችን በተራራ አስጎብኚነትና በዕቃ ተሸካሚነት ያሠለጥናሉ። ሴት መንገደኞች በወንድ አስጎብኚዎች ተቸግረው ለእነሱ ሲያማርሩ ነው ሥራው የታሰባቸው። የእኛም ገበያ እዚያው ያለ ይመስለኛል። ብቻዋን የምትመጣ ሴት መንገደኛ ድንኳኗ አጠገብ ሴት ብታድር ትመርጣለች። ይህን ሰባት ዓመት አይቼዋለሁ።

ልምምዱ እንዲህ ይሁን። ለመጀመሪያው ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከዚህ ተነሥተን እንዳኢየሱስ ወጥተን እንመለሳለን፤ መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ ኋላ አምስት ኪሎ ተሸክመን። ቀጥሎ ሙሉ ቀን እንሄዳለን። ከዚያ አላጌ ላይ አንድ አዳር። ያ ከሰመረ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው ጽበት አለን፣ ማይጨው አጠገብ። በተራራ ላይ እየሄዱ ማውራት የማትችል ሴት ፈጥናለች ማለት ነው፤ ቀስ ትበል። ስድስቱ የሚመረጡት በፍጥነት አይደለም። ራሷን ሲያማት የምትናገረውንና ጓደኛዋ ስትደክም የምታስተውለውን ነው የምመርጠው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ባለፈው የላካችሁት ቲሸርት ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚህ ጊዜ ግን ስም የተጻፈበት ቲሸርት ይቅርና ጫማ ይሁንልን። ያገለገለም ቢሆን፣ ሶሉ ካልተበላ። የልጆቹ የእግር ቁጥር ከጸሐፊያችን ጋር አለ፤ አብዛኞቹ 37 እና 38 ናቸው፣ አንዷ 41። ስትወጡ በሩ ላይ ዝርዝሩን ውሰዱ። የቅዳሜው መነሻ 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ ከማኅበሩ ግቢ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ፤ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን።