ስንቅና ማኅደረ ትውስታ
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር፥ ከስሜን ተራሮች ግርጌ የመጣን ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው በከተማ ክፍል ተከራይተን ነው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች የዓመቱን እህል አትይዝም፤ ጎተራው ከወላጆቻችን ዘንድ ነው። ስለዚህ ዓርብ ወደ ቤት ሄደን፥ እሑድ የሳምንቱን በሶና ቆሎ ተሸክመን እንመለስ ነበር። ዛሬ የምንናገርለት የኮምፒውተር ጥበብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ፕሮግራሙን በራሱ ማኅደር ይዞ የሚሠራ ኮምፒውተር በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በማንቸስተር ነው። የሚይዘውም 32 ቃል ብቻ ነበር፤ ቃል የሚባለው መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያነበው ቁራጭ ነው። ኋላ የመጡት ፈጣን ግን ትንሽ ማኅደርና፥ ሰፊ ግን ዝግተኛ የሆነ ማግኔታዊ ከበሮ ነበራቸው። የትኛው ክፍል መቼ ከከበሮው ይምጣ የሚለውን የሚያስበው ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ስለነበረ፥ ከስሌቱ ይልቅ ጓዙ ያደክመው ነበር።

ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ በዚያው በማንቸስተር የሠሩት፥ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመረቀው አትላስ ይህን ሸክም ከሰው ላይ አነሣ። ፈጣኑ ማኅደር 16,384 ቃል፥ ከበሮው 98,304 ቃል ይይዝ ነበር፤ ለጸሐፊው ግን ሁለቱ እንደ አንድ ጎተራ ይታዩት ነበር። ሁሉም እያንዳንዳቸው 512 ቃል በሚይዙ ገጾች ተከፍሏል። የተፈለገው ገጽ በቅርብ ከሌለ መሣሪያው ራሱ ከከበሮው ያመጣዋል፤ ቦታ ለማስለቀቅም የትኛው ገጽ ቶሎ እንደማይፈለግ ካለፈው አጠቃቀም ይገምታል። ዛሬ በየኮምፒውተሩና በየስልኩ ያለው ምናባዊ ማኅደረ ትውስታ የዚህ ልጅ ነው።

ነገር ግን ይህ ጥበብ መንገዱን አያሳጥርም። ከአትላስ ፈጣን ማኅደር ማንሣት አንድ ሰከንድ ይፈጃል ብንል፥ ከከበሮው ማምጣት ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይሆናል። በአንድ ጊዜ የሚፈለጉት ገጾች ከበዙ፥ መሣሪያው አንዱን ሲያመጣ ሌላውን እየጣለ ጊዜውን በመመላለስ ይጨርሳል። ፒተር ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ሕመም መርምሮ መድኃኒቱን አሳየ፤ ይኸውም አንድ ሥራ ዘወትር የሚነካቸው ገጾች ሁሉ ቦታ ካላገኙ ሥራው ባይጀመር ይሻላል ማለት ነው።

እኛም ይህን በዓይናችን አይተናል። ስንቁ ረቡዕ የሚያልቅበት ጓደኛችን ሐሙስን በመንገድ፥ ዓርብን በድካም ያሳልፍ ነበር፤ ፈተና ሲወድቅም ሰነፍ ተባለ። ስንቁ አንሶ ነው እንጂ አእምሮው ሰንፎ አልነበረም። እንግዲህ የዘገየውን መሣሪያም ሆነ የዘገየውን ተማሪ ከመውቀሳችን በፊት፥ ጊዜው ያለቀው በሥራ ነው ወይስ በመንገድ ብለን እንጠይቅ።